የመለስኩላቸው ዘር

ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርት ስገዛ እያንዳንዱን ራስ ገልብጬ ሥሩን አያለሁ። ሻጮቹ አይወዱልኝም። በቀደም ዕለት አንዷ፣ «እህቴ፣ ሽንኩርት እኮ ነው፤ ምን ጠፍቶሽ ነው የምትፈልጊበት?» አለችኝ። ለእሷ ሒሳቧን ሰጥቼ ሄድኩ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ። ነገሩ የሦስት ቀን ነገር ነው። እኔ ግን ከዚያ ሦስት ቀን እስካሁን አልወጣሁም።

ያኔ ኮምቦልቻ ባለ አንድ የግብርና ምርምር ማዕከል፣ የአትክልት ክፍል ተመራማሪ ነበርኩ። ቤቴ ደሴ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ወርጄ ማታ እመለሳለሁ። ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም፣ አላገባሁም፣ ከሥራዬ ሌላ የማወራው ወሬም አልነበረኝም። እናቴ፣ «ሙሉ፣ ሰው ስለ ልጁ እንደሚያወራ አንቺ ስለ ሽንኩርት ታወሪያለሽ» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

እውነቷን ነው። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ዓመት የአገር ዘር ልሰበስብ ኩታበር ወረዳ ወዳለ አንድ መንደር ሄጄ ሸህ እንድሪስን አገኘኋቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ በቀር ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ነበሩ። ከእናታቸው የወረሱት ነጭ ሽንኩርት ነበራቸው። ፍሬው ደቃቃ ነው፤ ሽታው ግን ከደጅ ይቀበላል፣ ቢከርምም አይበላሽም። አንድ ጉንጉን አውርደው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ልጄ፣ ይኼ የእናቴ ዘር ነው። አልሸጥኩልሽም፣ በአማና ነው የሰጠሁሽ» አሉኝ።

አማና በእነሱ ዘንድ እስኪመልሱት ድረስ አንገት ላይ የሚከብድ አደራ ነው። እኔም በትክክል ገብቶኛል ብዬ አስቤ ነበር።

ከዚያ ጉንጉን ትልልቁን መርጬ ተከልኩ። ከተከልኩት ደግሞ መረጥኩ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሽታውን ሳይለቅ ፍሬው ወፈረ፣ ለመላጥም ቀለለ። በመጨረሻ ከደሴ ከፍ ብላ ባለች ቀዝቃዛ የማባዣ ማሳችን አበዛነውና፣ መጀመሪያ ዘሩ ለተገኘበት መንደር፣ ለሸህ እንድሪስና ለአሥራ አንድ ጎረቤቶቻቸው እንዲሰጥ ተወሰነ። አማናዬን ልመልስ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ዘሩ ሊነቀል ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ግን፣ በማባዣው ማሳ አንድ ጥግ ላይ ሰሌን የምታህል ቦታ ቢጫ ሆና አየሁ። አንዱን እግር ስስበው ሳይታገለኝ ወጣ። ጤነኛ ሽንኩርት አፈሩን ይዞ ይታገላል። ገልብጬ ሳየው ሥር የለውም። በሥሩ ፋንታ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ፣ ሻጋታው ላይ ደግሞ ከጤፍ የሚያንሱ ጥቋቁር ነጥቦች ተዘርተውበታል።

ነጭ ሥር አበስብስ ይባላል። እያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ የበሽታው ዘር ናት። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባች፣ ሃያ ዓመትም ይሁን ከዚያ በላይ ሽንኩርት እስኪተከልላት ትጠብቃለች። በጎርፍ ትሄዳለች፣ በበሬ ኮቴ ትሄዳለች፣ በሰው ጫማ ትሄዳለች። ገብስና ባቄላን አትነካም፤ ሽንኩርት ግን በዚያ መሬት ላይ አበቃለት ማለት ነው።

ለኃላፊዬ ነገርኩት።

«ስንት እግር ይሆናል?» አለኝ።

«ሃያ ሠላሳ ቢሆን ነው።»

«እሱን ነቅለሽ አቃጥይው። የቀረው ደህና አይደል?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ደንቡ ግን በሽታ የታየበት ማሳ በሙሉ ለዘር አይውልም ነው የሚለው።»

ኃላፊዬ ክፉ ሰው አልነበረም። ትንሽ አሰበና፣ «ስድስት ዓመት ደክመሽበታል፣ ገበሬውም መሬቱን አለስልሶ እየጠበቀ ነው። ዘሩ ያንቺ ነው፤ አንቺው ወስኚ» አለኝ።

ወሰንኩ። የታመሙትን ነቅዬ አቃጠልኩ፤ ቅጹ ላይ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ያስገደደኝ ሰው አልነበረም። ሌላ ዓመት መጠበቅ አቃተኝ፤ ምክንያቴ ይኸው ነው።

ገበሬዎቹ ኅዳር ላይ በመስኖ ተከሉ። መጋቢት ላይ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሸህ እንድሪስ ደወሉልኝ። እንደ ልማዳቸው ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቁ፣ ለሁሉም አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ነው፣ «ሽንኩርቱ ቢጫ ቢጫ እያለብኝ ነው። ውሃ በዝቶበት ይሆን ብዬ ቀነስኩለት። እስቲ ሲመችሽ ብቅ ብለሽ እይው» ያሉኝ።

«ነገ እመጣለሁ» አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጓደኞቼ እስኪጠሩኝ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

በማግስቱ ዓርብ በጠዋት ከፒያሳ በባጃጅ መናኸሪያ ደረስኩና የኩታበር ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ገራዶን ስናልፍ በመስኮት የገበሬውን ማሳ እያየሁ፣ ውሃ በዝቶበት ይሆናል፣ ማዳበሪያ አንሶት ይሆናል እያልኩ ለራሴ ምክንያት ስደረድር ነበር። ከመኪናው ወርጄ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ሸህ እንድሪስ ከማሳቸው ራስ ቆመው ይጠብቁኛል።

ማሳቸው ከቁልቁለቱ አናት ላይ ነው። ከእሳቸው በታች የጎረቤታቸው የይመር፣ ከይመር በታች የሌሎቹ፣ እንዲያ እያለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ቢጫው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አልነበረም። ማሳው መሃል ላይ ሦስት፣ ጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ሳብኩ። ሳይታገለኝ ወጣ።

ሸህ እንድሪስ አጠገቤ ቁጢጥ አሉና ከእጄ ተቀብለው አዩት።

«ይኼ ነጩ ነው የሚበላው?»

«እሱ ነው።»

«መድኃኒቱ ምንድነው?»

«የለውም፣ ሸህ እንድሪስ።»

«የዘንድሮው ይሂድ። ለሚመጣው ዓመትስ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጥቋቁሮቹ ነጥቦች፣ ስለ ሃያው ዓመት፣ ስለ ጎርፉና ስለ ጫማው። መናገር ከጀመርኩ በኋላ ማቆም አቃተኝና የማባዣውን ጥግም፣ ፊርማዬንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር። እሳቸው አላለቀሱም።

«እያወቅሽ ነው?» አሉኝ።

«እየጠረጠርኩ ነበር።»

«ከጠረጠርሽማ ታውቂያለሽ።»

ከዚህ ሌላ የወቀሳ ቃል አልተናገሩኝም። መሬቱን ሲያዩ ቆዩና፣ «ሃያ ዓመት» አሉ ለራሳቸው። «እኔ ሰባን አልፌያለሁ።»

የድሮው ዘራቸው አሁንም እንዳለ ጠየቅኳቸው። ቢያንስ እሱ ይተርፋል ብዬ ነበር።

«ያንቺ ሲመጣ ይኼ ደቃቃ ምን ያደርግልናል ብለን በላነው። ጎረቤቱም እንደዚያው። ከኛ እጅ የለም።»

ከማዕከሉም አልነበረም። ትልልቁን እየመረጥኩ ስሄድ ደቃቃውን ለብቻ ማቆየት ነበረብኝ፤ ከሦስተኛው ዓመት በኋላ ቦታ ይዞብኛል ብዬ ትቼዋለሁ። ይህን ግን ያን ዕለት አልነገርኳቸውም።

ሸህ እንድሪስ ተነሱ። «የይመርስ? የሌሎቹ ዘርስ?»

«ሁሉም የመጣው ከአንድ ማሳ ነው።»

«እንግዲያው ዛሬ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ሁሉም መስጊዱ ደጅ ይገኛል። አንቺው ንገሪያቸው። እኔ አጠገብሽ እቆማለሁ፤ አይዞሽ፣ አብሽሪ።»

ከማሳው ስንወጣ የላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው ድንበሩ ላይ ተዉት። «በጫማም ይሄዳል ብለሽ የለ?» አሉና በባዶ እግራቸው መንገድ ጀመሩ። እኔም ጫማዬን በቦይ ውሃ ለቅልቄ ተከተልኳቸው። ውሃው ራሱ ወዴት እንደሚወርድ ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

ሶላቱ እስኪያልቅ ቤታቸው ቆየሁ። ባለቤታቸው እማማ ሐዋ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝ። ምን እንደተፈጠረ ገና አልሰሙም። «ብዪ እንጂ፣ ልጄ። ሸሁ እኮ ዱዓ ሲያደርግ ስምሽን ሳይጠራ አይውልም። ዘሩን አሳድጋ መለሰችልኝ ይላል» አሉኝ። የያዝኩትን ድንች መልሼ አስቀመጥኩት።

ወጣ ብዬ ለኃላፊዬ ደወልኩ።

«ናሙና ወስደሻል?» አለኝ።

«ወስጃለሁ። ግን ናሙና አያስፈልገውም። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ውጤት ሳይመጣ ለሰው እንዳትናገሪ። ሊደርስ አንድ ወር የቀረውን ሽንኩርት ንቀሉ ብለሽ፣ ኋላ የአንዳንዱ ጤነኛ ቢሆን ማን ሊጠየቅ ነው? ገና አልተረጋገጠም በያቸው። ውሸት አይደለም።»

ውሸት አይደለም የሚለውን ቃል ይዤ መስጊዱ ደጅ ሄድኩ።

ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሸህ እንድሪስ አጠገቤ ቆሙና «የእኔ ማሳ ታሟል፣ ሙሉ ትነግራችኋለች» አሉ። ስለ በሽታው ተናገርኩ። እንዴት እንደሚለይ፣ እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ከሸህ እንድሪስ ማሳ ሰውም ከብትም እንዳይገባ ተናገርኩ። ንግግሬ ጥሩ ነበር። ስልጠና የምሰጥ ነበር የምመስለው።

ይመር እጁን አነሳ። ይመር በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ከሸህ እንድሪስ ማሳ ቀጥሎ ያለውን መሬት የሚያርስ ሰው ነው። ማሳው ላይ ገና ምልክት አልታየም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሽታው ከየት መጣ? እኛም የተከልነው ዘር ከታመመው ቦታ የመጣ ከሆነ ንገሪን፤ ዛሬውኑ እንነቅለዋለን።»

ሁሉም አዩኝ። ይመር የጠየቀኝ በቅንነት ነው። አዎ ብል ወሬው የት እንደሚደርስ አሰብኩ። ማዕከሉን፣ ፊርማዬን፣ ስድስቱን ዓመት አሰብኩ።

«ገና አልተረጋገጠም። ናሙናው ተመርምሮ ውጤቱ ሲመጣ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ዝም ብላችሁ ጠብቁ» አልኩ።

ሰው እፎይ አለ። «ኢንሻ አላህ ደህና ይሆናል» ተባባሉ። እኔ ሸህ እንድሪስን አየኋቸው። እሳቸው እኔን አላዩኝም። በባዶ እግራቸው ቆመው መሬት መሬቱን እያዩ ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ነው ብዬ ስጠብቅ ዝም አሉ።

እስከ መኪናው መንገድ ሸኙኝ። 

«ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«የሰው ነውር መሸፈን ታዘናል። በሰው ፊት ላዋርድሽ አልቻልኩም። ግን ልጄ፣ ይመር ሀቁን፣ የሚገባውን ነው የጠየቀሽ።» ቆም አሉ። «ነገ ተመለሽና ራስሽ ንገሪያቸው። ካልመጣሽ እኔ እነግራቸዋለሁ። እስከ ነገ እጠብቅሻለሁ።»

«እመጣለሁ» አልኩ።

ገራዶ አጠገብ ስንደርስ የበልጉ ዝናብ ወረደ። ቀኑን ሙሉ ደመና እንኳ አልነበረም። መጀመሪያ በረዶ፣ ቀጥሎ የሚኒባሱን መስታወት የሚሸፍን ዶፍ። አስፋልቱን ጎርፍ ስላቋረጠው ሹፌሩ ዳር ይዞ ቆመ። ተሳፋሪው ተመስገን ይላል፤ ለበልጉ ዘር ደረሰልን ይላል። እኔ ወደ መጣንበት ዞሬ ኩታበር ላይ የጠቆረውን ሰማይ አያለሁ። የሸህ እንድሪስ ማሳ ከአናት እንደሆነ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ወርጄ የሚመለስ መኪና መያዝ እችል ነበር። ስልክም በእጄ ነበር። ለይመር ደውዬ የድንበሩን ቦይ ዝጉ፣ ጎርፉን ወደ ዳር መልሱ ማለት እችል ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ ቀጠሮ አለኝ አልኩ። ዝናቡ ሲያባራ ሚኒባሱ ወደ ደሴ ቀጠለ፤ እኔም አብሬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ስመለስ ገና ከሩቅ አየሁት። ጎርፉ የሸህ እንድሪስን ማሳ ከመሃል ሰንጥቆ፣ የይመርን ድንበር ንዶ፣ እስከ ወንዙ ድረስ ደለል አልብሶት ወርዷል። የታመመው ሽንኩርት ከነሻጋታው የይመር ማሳ ላይ ተበትኗል። ከይመር በታች ዘራችንን ጭራሽ ያልወሰዱ፣ ከገበያ የገዙትን የተከሉ ሰዎች ማሳ ነበር። ደለሉ እሱንም አልማረውም።

ሰዎቹ ደለሉን ሲጠርጉ አገኘኋቸው። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ ተናገርኩ። ዘሩ ከታመመ ማሳ እንደመጣ፣ ምልክቱን አይቼ እንደፈረምኩ፣ ትናንትም ይህን እያወቅሁ እንደሸሸግኩ። አልተሳደቡም። ቢሳደቡ ይቀለኝ ነበር።

ይመር አካፋውን ተደግፎ ሰማኝና፣ «ትናንት ጠይቄሽ ነበር» አለኝ።

ከዚያ አካፋውን አስቀምጦ መንቀል ጀመረ። ሌሎቹም ጀመሩ። ሊደርስ አንድ ወር የቀረውን ሽንኩርት፣ የታመመውንም ያልታመመውንም፣ እየነቀሉ ከመሩት። እኔም ዳር ይዤ ነቀልኩ። ማንም ተይ አላለኝም፤ ነይ ያለኝም የለም። የጤነኛው ማሳ ሽንኩርት አፈሩን ይዞ ይታገል ነበር። ከሰዓት በኋላ አቃጠሉት። እርጥብ ስለነበር ቶሎ አልነደደም። ሽታው እስከ መንገዱ ተከተለኝ።

ሰኞ እውነቱን ጽፌ አስገባሁ። ኃላፊዬም እኔም ማስጠንቀቂያ ተሰጠን፣ ዝርያው ተሰረዘ፣ እኔም ከአትክልት ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ። በሚቀጥለው ዓመት በሽታው ከይመር በታች ባሉት ማሳዎች ላይ ወጣ። ያ የዓርቡ ጎርፍ ያመጣው ነው ወይስ ቀድሞ የገባ ነው? ይህን የሚነግር ምርመራ የለም። ባለሙያ ነኝና አውቃለሁ። ሌሎች ተመራማሪዎች ሊያጽናኑኝ ሲሉ፣ «ዓርብ ብትናገሪም ሳይተላለፍ አይቀርም ነበር» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

ሸህ እንድሪስ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ሽንኩርት የነበረበት ቁልቁለት ሁሉ ገብስ ሆኗል። እማማ ሐዋ አቅፈው ሳሙኝ። ውጭ ስቀመጥ ይመር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ካቃጠልን ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር።

«ሸሁ ብዙ አዘነ» አለኝ። «የዚያን ሰሞን ሰብስቦን፣ እኔ ዓርብ ዕለት አውቅ ነበር፣ አውቄ ዝም አልኩ፣ ጎርፉን እያየሁ ቤቴ ተቀመጥኩ፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ አለን። ሰው አፉ አለው። ግን የበታቾቹ ማሳ ሲታመም ነገሩ ተመልሶ ተነሳ። እስኪሞት ድረስ ሰላምታ የነፈጉት ነበሩ። ለማን ብሎ ዝም እንዳለ አንድም ቀን አልነገረንም።»

ሸህ እንድሪስ ቀድመው ማወቃቸውን ያን ቅዳሜ ጭቃው ላይ አልተናገርኩም ነበር። እሳቸውን ላለመንካት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር።

«ለኔ ብለው ነው» አልኩት። «ዓርብ ጠዋት ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ። እንዳልዋረድ ብለው ነው ዝም ያሉት።»

ይመር ፊቱን ወደ ገብሱ አዞረ።

«ይኼንንም ዛሬ ነው የምትነግሪን» አለና ተነስቶ ሄደ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ምክር አውጥቼ ልሰጣችሁ አልፈልግም። ዛሬ በሙያዬ ጥንቁቅ ነች ይሉኛል። ወጣት ተመራማሪዎች ለፊርማ ሲመጡ እኔ ዘንድ ወረቀት ይቆያል እያሉ ያማርራሉ። ይህ ሁሉ የሸህ እንድሪስን መሬት አይመልስም፣ የእናታቸውን ዘርም አያስገኝም። ሰዎች ስለ ኃጢአታቸው ሲጽፉ መጨረሻ ላይ እውነቱን ተናገርኩ ብለው ያርፋሉ። እኔም ተናግሬያለሁ። የተናገርኩት ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ከከፈለበት በኋላ ነው። አሁንም ቢሆን ለእናንተ እየነገርኳችሁ ያለሁት፣ ሸሁን ሰላምታ ለነፈጓቸው ሰዎች ልነግር ሲገባኝ ነው፤ ይመር ከለቅሶው ሲሄድ ተነስቼ ልከተለው ይገባኝ ነበር። አልተከተልኩትም።